ይቆያል?

ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ አንድ ሽቶ ቤት ገባሁ። ለመግዛት እንኳን አይደለም፣ ደሞዝ ገና ነው፣ ዝም ብዬ ለማሽተት ነው። ልጁ ሰላምታዬን ሳያስጨርሰኝ እጄን ያዝ አድርጎ ፊስስ አደረገብኝና «እህቴ ይሄ ንፁህ አበባ ነው፣ ጽጌረዳና ጃስሚን፣ ሁለት ቀን ይቆያል» አለኝ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው «ብትታጠቢም አይለቅም»። እሺ ወንድሜ፣ ቆይ መጀመሪያ ላሽትተው!

ከዛ ወጥቼ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁላት። አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አሁን የሆነ ቆንጆ ነገር ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ «ይቆያል?» አለችኝ። ቤት ስገባ እናቴ፣ «ስንት አሉሽ? ይቆያል?» እኔ የምለው፣ ሽቶ ነው ወይስ የጣሪያ ቆርቆሮ? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን «ደስ ይላል» አይልም?

ከዚህ ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። አክስቴ ቡፌዋ ውስጥ ከብርጭቆዎቹና ከሠርግ ፎቶው መሀል የሽቶ ጠርሙስ ትደረድር ነበር፣ አብዛኛው ባዶ። አንዱ ብቻ፣ ከጅዳ የተላከላት፣ ገና አልተጋመሰም ነበር፣ እሱ ደግሞ ለዓመት በዓል እንኳን አይነካም። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ጊዜ፣ ማርያምን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሹራቤ ላይ ረጨሁ። ያክስቴ ልጅ ደግሞ የኳስ ጫማዬ ሸተተ ብሎ ግማሹን እዛ ውስጥ ገለበጠው። የሱ ጫማ ሽቶውን ባንድ ቀን ዋጠው፣ የኔ ሹራብ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲመሰክርብኝ ሰነበተ። ማን ተገረፈ? እኔ። ሰውየው ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንኳን አላመነም። ይቆያል ይሉኛል ደግሞ!

ወደ ልጁ ልመለስ። «የት ነው የተሠራው?» ስለው ድምፁ ቀነሰ። «ዱባይ... ማለት በዱባይ በኩል።» ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም። ይቺን ተረት እንዴት እንደምወዳት፣ እናቴ ግን በተረትኳት ቁጥር «ምግብ ፊት!» እያለች ትቆጣኛለች፣ እስቲ ስለ ሽቶ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ማን ተረተ? ንፁህ ጽጌረዳ ይለኛል እኮ። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል፣ ያውም ቡልጋሪያና ቱርክ ውስጥ በማለዳ በእጅ የሚለቀም። ታዲያ ሙሉ ጠርሙሱን በ6 ሺህ ብር ሲለኝ ውስጡ የገባው የጽጌረዳ ስሟ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኛ ጋ ጽጌረዳ ሞልቶ የለም እንዴ የሚል አይጠፋም። ሞልቷል! ዝዋይ በሉት ሆለታ፣ ሰበታም፣ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ይበቅላል፣ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን አበባ ላኪ እኛ ነን። ግን አሽትታችሁት ታውቃላችሁ? የሚዳቀለው አገዳው እንዲረዝም፣ ቀዝቃዛ መጋዘኑንና አውሮፕላኑን እንዲችል፣ ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲሰነብት ነው፣ ሽታው መሀል ላይ ጠፍቶ ቀረ። ለልደቴ አንድ እቅፍ ተሰጠኝና አፍንጫዬን እስከ ጉንጬ ብከትበት የሸተተኝ ፍሪጅ ነው። መቆየቱንማ ሁለት ሳምንት ቆየ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የዝባድ ነገር ነው። የአበባ ሽታ ብን ብሎ ነው የሚጠፋው፣ እሱን ቆዳ ላይ ይዞ የሚያቆየው ነገር ደግሞ ስንት ዘመን ሙሉ ከኛው አገር በበሬ ቀንድ ታሽጎ ሲሄድ ኖሯል፣ ጥርኝ ታስሮ ሥጋ እየተቀለበ በየአስር ቀኑ ገደማ ከጭራው ሥር እየተፋቀ። በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ሻኔል ቁጥር 5 ራሱ ከጽጌረዳውና ከጃስሚኑ ሥር ዝባድ ነበረበት። አሁን አብዛኞቹ በላብራቶሪ በተሠራ ተክተውታል፣ ለጥርኙ እሰየው። እና «ይቆያል?» የምትሉኝ ወገኖች፣ የምትጠይቁኝ ስለ አበባው ሳይሆን ስለ ጥርኙ ቂጥ መሆኑን እወቁት። (እማ፣ ይቅርታ።)

ይሄ ሁሉ ግን አላናደደኝም፣ ያናደደኝ ቡናው ነው። ሦስተኛው ሽቶ ላይ ስደርስ ልጁ በትንሽ ብርጭቆ የተቆላ ቡና አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፣ «አፍንጫሽን ሪሴት ያደርግልሻል»። ለኔ! ቡና በተቆላ ቁጥር ጭሱን በእጄ ወደ ፊቴ እየሳብኩ ላደግኩት! ቡናው ደግሞ ከመክረሙ ብዛት የሚሸተው አቧራ አቧራ። ነገሩ ተፈትኖ ከባዶ አየር የተሻለ ምንም እንደማይፈይድ ታይቷል፣ ግን ፈረንጅ ሱቁ ውስጥ ስላስቀመጠው የኛው ቡና ዞሮ መጥቶ ለኛው ሊያስተምረን ሆነ። በሩን ክፈተው ወንድሜ፣ ይበቃል!

ሽቶው? አዎ፣ ሽቶው። መጀመሪያ አስር ደቂቃ አልኮልና ሎሚ ነው። ከዛ ታክሲ ውስጥ ካዛንቺስ ልንደርስ ስንል፣ ድሮ ግቢያችን በር ላይ የነበረችው ጃስሚን፣ ያውም ዝናብ ከመታት በኋላ፣ ድንገት መጣችብኝ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዛ ሳሙና ሳሙና ማለት ጀመረ፣ ማታ ሽንኩርት ስልጥ ደግሞ የልጁ ሁለት ቀን እዛው መክተፊያው ላይ አለቀ። 6 ሺህ ለሃያ ሲካፈል በደቂቃ 300 ብር ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ደሞዝ ሐሙስ ይገባል፣ ለልጁ ደውዬ አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ፣ እናቴ ብትጠይቃችሁ አምስት ቀን ይቆያል በሏት።