ይድረስ ለክቡር አቶ ምስጥ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የበሉትን የቤት ካርታ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። ወረቀት ስለሚወዱ ነው በጽሑፍ የመጣሁት። ደብዳቤውን ከሶፋው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ደም ሥር ከተጋደመው የጭቃ መንገድዎ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። አንብበው ሲጨርሱ እንደተለመደው ያድርጉት።

ይህን የአዳማ ቤት ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አባባ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ፣ ከ1909 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ያኔ ብዙ ዓመት አልፎታል። ከተማዋም ናዝሬት ነበር የምትባለው። (አክስቴ ዛሬም «ናዝሬት» ነው የምትላት።) አባባ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ ከጣቢያው ብዙ ሳይርቁ፣ ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ አያይዘው ሠሩ። ለቋሚው ጥድ ገዙ። ማገሩ ላይ ሲደርሱ ብሩ አለቀና ባሕር ዛፍ ሆነ። እርስዎ የገቡት በዚያ በኩል ነው። ጥዱ አሁንም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማገሩን ግን በጣት ሲቆረቁሩት ባዶ ጣሳ ነው።

አባባም ዝም አላሉዎትም። ክረምት ሲቃረብ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን እያመጡ የቋሚዎቹን እግር ይቀቡ ነበር። እማማ ደግሞ የምድጃ አመድ ይነሰንሳሉ። እርስዎ በሌላ በኩል ዞረው ይመጣሉ።

በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተባለ፤ የምናከራየው የፊተኛው ቤት ትርፍ ሆነ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ገባ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የቀበሌ። እናድሰው ስንል «ፈቃድ አምጡ»፤ አድሱልን ስንል «በጀት የለም»። እርስዎ ፈቃድም አልጠየቁ፣ በጀትም አልጠበቁ። ከወዲህም ከወዲያም በሉ። ከአዋጁ በኋላ ሁለት ቤት ይዞ የቀረ በሰፈራችን እርስዎ ብቻ ነዎት።

አባባም እማማም አረፉ። ውርሱን ለመጨረስ ካርታ አምጡ ተባልን። ከእማማ አልጋ ሥር የእንጨቱን ሳጥን ጎትተን አወጣን። ክዳኑ ደህና። ከላይ ያለው ፖስታም ደህና። አጎቴ ፖስታውን ብድግ ሲያደርገው ከሥሩ እንደ ሽሮ ዱቄት ፈሰሰ። የሳጥኑ ወለል ላይ ስክሪብቶ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ከካርታው የተረፈው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ግማሽ ማኅተም ነው። ቀለሙ አልተስማማዎትም መሰለኝ።

አልፈርድብዎትም። ወረቀትም ከእንጨት ነው የሚሠራው፤ ካርታውም ማገሩም ለእርስዎ አንድ ወጥ ነው። የሚገርመኝ ሠራተኞችዎ ዓይን እንኳ የላቸውም። ግን ያንን ሰነድ ከዳር እስከ ዳር ተመስጦ የጨረሰው ከእናንተ ሌላ ማን ነው? ምስጥ መባላችሁም ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይንገሩን። አጎቴ ካርታው በአባባ ስም ነበር ይላል። አክስቴ «በእማማ ነው፤ ጌጧን ሸጣ ነው ቤቱን ያስጨረሰችው» ትላለች። ቦታውን አንዱ 250 ካሬ፣ ሌላው 300 ካሬ ያደርገዋል። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ፋሲካን በየቤታቸው ነው የዋሉት። አንድ ቀን ቢሮ ቀርበው ቃልዎን ቢሰጡልን ምን አለበት? የምስክር አበል በጥሬ ገንዘብ አንችልም። የጓዳው በር ግን ገና አልተነካም።

ከሰላምታ ጋር
ከወራሾቹ አንዱ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አይጥ፣ ኮርኒስ ላይ
ለአቶ ብል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ
ለፋይል (ይህንን እንኳ ይተዉልን)