ስፓኒሽ አንቲጓ ላይ፣ አማርኛስ የት?

ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ስፓኒሽ የሚያስፈልገው ለጌጥ አይደለም። ፓርኪንግ ብትሠራ፣ ኩሽና ብትገባ፣ ሆቴል ብታጸዳ፣ አጠገብህ የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር ወይም ከጓቲማላ የመጣ ነው። እኔ የምሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ልጇን አቅፋ የመጣች እናት የስልክ አስተርጓሚ እስኪገኝላት ዝም ብላ ስትጠብቅ ማየት ልቤን ይበላዋል። በስልክ አፕ ብዙ ቃላት ሸምድጄ ነበር። ሰው ፊት ስቆም ግን አንዱም አይወጣም። ስለዚህ ፈቃድ ወስጄ ጓቲማላ ሄድኩ፣ አንቲጓ የምትባል ከተማ (ካሪቢያን ላይ ያለችው ደሴት አይደለችም፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል)።

አንቲጓ የድሮ ዋና ከተማ ናት። በ1773 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈራረሳት በኋላ ነው መንግሥቱ ዛሬ ጓቲማላ ሲቲ ወዳለችበት ቦታ የተዛወረው። ዙሪያዋን እሳተ ገሞራዎች ከበዋታል፤ አንዱ፣ ፉዌጎ የሚሉት፣ እስካሁን ይጨሳል። አካባቢው ሁሉ ቡና ነው። ዩኔስኮ በ1979 መዘገባት፤ የእኛ ፋሲል ግቢም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው።

ከተማዋ ግን በፍርስራሽና በቡና ብቻ አይደለም የምትኖረው። ቋንቋ ትሸጣለች። ከብዙ አገር ሰው የሚመጣው ስፓኒሽ ለመማር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ፣ አንድ መምህር። ግቢ ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይቀመጣል፣ አለቀ። ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ከመምህሯ ጋር ፊት ለፊት ትነጋገራለህ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገት መድፋት የለም። ክፍያው በሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰኞ ትጀምራለህ፣ አቅምህ የፈቀደውን ያህል ትቆያለህ። አንዳንድ ቀን መምህሯ ደብተሩን ዘግታ ገበያ ትወስድሃለች፤ እዚያ ቲማቲም የምትገዛው አንተ ነህ፣ የምትከራከረውም አንተ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰው ቤት ትገባለህ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ይመስለኛል። አንድ ክፍል ያከራዩሃል፣ ከቤተሰቡ ጋር ትበላለህ፣ እሁድ ብቻ ብዙውን ጊዜ ውጭ ነው። ጥቁር ባቄላ፣ እንቁላል፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ይቀርባል፣ ወሬም አብሮ ይቀርባል። እኔ ያረፍኩበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስሳሳት ያልኩትን ራሱን አስተካክለው መልሰው ይሉታል፣ ከዚያ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። አይስቁም። አያቋርጡኝም። «አልገባኝም» ስላቸው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ሌላ አባባል ይፈልጋሉ። በሰባ ዓመት ሴት ትዕግሥት ነው አፌ የተፈታው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስፓኒሽ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚያስፈራ ቋንቋ አይደለም። ግሱ ራሱ ማን እንደሠራው ይናገራል፣ «እኔ»፣ «እሱ» እያሉ መደጋገም አያስፈልግም። ለታላቅ ሰው የተለየ የአክብሮት አነጋገር አለው፣ እንደ እኛው እርስዎና አንተ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጓደኞቼ የሚታገሉበት «ኘ» ለእኛ ፊደላችን ውስጥ ያለ ድምፅ ነው። «ረ»ን አጥብቆና አላልቶ መለየትም ለጆሯችን አዲስ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓቲማላ ውስጥ ማያ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሚናገሯቸው 22 ቋንቋዎች አሉ፤ ለብዙ ሰው ስፓኒሽ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በ1992 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሪጎቤርታ ሜንቹ ከማያ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኪቼ ልጅ ናት። የማያ ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይሄ ቅርብ ነገር ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። ሜሪላንድ የተወለደ ልጅ አዲስ አበባ አያቱ ቤት ይሄዳል። እንደምንም አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይሞክራል። ምን ይገጥመዋል? ሳሎኑ በሳቅ ይፈነዳል። «እስቲ ድገመው!» ይባላል፣ አንዱ የአጎት ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሌላው «ተወው፣ አታስጨንቀው» ብሎ በእንግሊዝኛ ያናግረዋል። ሁሉም የሚያደርጉት በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም። ወላጆቹም አሜሪካ ተመልሰው «አማርኛ አልወድም አለ» ይላሉ። ቋንቋውን አልጠላም፤ መሳቂያ መሆንን ነው የጠላው። አገር ቤት ያለው ተማሪም በእንግሊዝኛ የሚደርስበት ይኸው ነው። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሮ ይጨርሳል፣ ሰዋስው ይሠራል፣ ሲናገር ግን ጓደኞቹ ይስቁብኛል ብሎ ላብ ያጠምቀዋል።

የሚያናድደኝ አማርኛን እንደ አንቲጓ አድርገን ለማስተማር የሚያስፈልገው ሁሉ እጃችን ላይ መኖሩ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእኛ ክረምት ነው። የእኛ መምህራንም የሚያርፉት ያኔ ነው፣ ደመወዛቸው ደግሞ ኑሮውን አልቻለውም። ትርፍ ክፍል ያላቸው፣ ልጆቻቸው ውጭ የሄዱባቸው እናቶች በየሰፈሩ አሉ። ዝናቡም ልጅን ቤት ያስቀምጣል፣ ያስወራል። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ልጃችሁን ጎንደር ላኩ አልልም። ግን አዲስ አበባ አለች፣ ቢሾፍቱ አለች፣ ሐዋሳ አለች። ደግሞ ጓቲማላም የተደላደለ አገር ሆኖ አይደለም የጀመረው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ከ1960 እስከ 1996 ቆይቷል፣ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ሥራ የጀመሩት ጦርነቱ ሳያልቅ ነው።

ከተጀመረ ደግሞ የመምህሯ ድርሻ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። እዚያም ተማሪው ከሚከፍለው ለመምህሯ የሚደርሳት ጥቂት የሆነበት ቦታ አለ፣ መምህራኑ ራሳቸው በኅብረት ሥራ የሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤትም አለ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የእህቴን ልጆች በሚመጣው ክረምት ለመላክ እያሰብን ነው። አንዲት የአማርኛ መምህርት ጠዋት ጠዋት ለየብቻ ልታስተምራቸው ተስማምታለች። ለአያትየው፣ ለአጎቶቹና ለአክስቶቹ ካሁኑ ደውዬ ነግሬያለሁ፦ በእንግሊዝኛ አታናግሯቸው፣ ሲሳሳቱ አትሳቁ፣ አትቅረጹ፣ ትክክሉን ብቻ በቀስታ ድገሙላቸውና ወሬውን ቀጥሉ። እናንተም እንዲህ አድርጋችሁ ልጅ የላካችሁ ካላችሁ፣ በስንት ዕድሜው እንደሄደና ለመምህሯ በሰዓት ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉልኝ።