ጨዋታው ነው ወይስ ማራገቢያው?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ደጋግሞ የሚሰማ ክስ አለ፦ «ጨዋታውን የጫንኩ ዕለት ኮምፒውተሬ ሞተ።» ተከሳሹም ተለይቶ ነው የሚመጣው፤ ዲኑቮ ወይም ሌላ የቅጂ መከላከያ፣ ማለትም ጨዋታው ሳይገዛ እንዳይባዛ የሚያግድ ፕሮግራም። ማስረጃው ምንድን ነው ቢባል፣ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ብሏል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ባለሙያው ክዳኑን ሲፈታው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ይገኛል፦ በአቧራ የተደፈነ ማራገቢያ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት። ከባድ ጨዋታ ፕሮሰሰሩንም ግራፊክስ ካርዱንም ለሰዓታት በሙሉ አቅም ያሠራል። በሰኔ ሙቀት፣ ያውም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሲያቃስት የከረመ ማሽን የሚወድቀው ያን ዕለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያደርሰውን ጉዳት ጨምሩበት። «ከተጫነ በኋላ ተበላሸ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ «በመጫኑ ተበላሸ» ለማለት ግን ብዙ ይቀራል።

ይህን የምለው ለኩባንያዎቹ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ተጫዋቾች ትክክል ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅ የተባለው ጨዋታ ሲወጣ፣ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ተኩስ ላይ ምስሉ ይቆራረጣል አሉ። መከላከያውን የሰበረው ግለሰብ ጥፋቱ የመከላከያው ነው አለ፤ እርግጥ ነው እርሱ ገለልተኛ ምስክር አይደለም። ነገሩን የቆረጠው የቅሬታው ብዛት አልነበረም። ዲጂታል ፋውንድሪ የተባለው የሙከራ ቡድን መከላከያ ያለውንና የተሰበረውን ቅጂ አስተያይቶ ልዩነቱን አሳየ። የጨዋታው ባለቤት ካፕኮምም በሐምሌ ማስተካከያ ሲለቅ የፀረ ቅጂ ቴክኖሎጂውን እንዳሻሻለ በራሱ ጻፈ። ከዚህ የተሻለ የእምነት ቃል ከየት ይመጣል?

ስታርፎርስ የተባለው የቅጂ መከላከያ ነገር ግን እንዲህ አልጠራም። በ2005 እና በ2006 ገደማ የሲዲ ማጫወቻን ያበላሻል እየተባለ ተወገዘ፤ ኩባንያው ካደ፣ ጉዳቱን በተግባር ለሚያሳይ ሽልማት አቀርባለሁም አለ። የጨዋታ አሳታሚው ዩቢሶፍት በሚያዝያ 2006 በስታርፎርስ መጠቀሙን ሲያቆም ብዙዎች «ይኸው ተረጋገጠ» አሉ። ምኑ ተረጋገጠ? ነጋዴ ደንበኛው የጠላውን ዕቃ ከመደርደሪያ ማንሳቱ ዕቃው መርዝ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

እኛን በቅርብ የሚነካን የታይታን ክዌስት ታሪክ ነው። ጨዋታው በ2006 ሲወጣ የተሰረቁት ቅጂዎች አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድርግም ይሉ ነበር፤ ምክንያቱም መከላከያው ፍተሻ የሚያደርገው እዚያ ነው። ሰራቂዎቹ ግን ጨዋታው በስህተት የተሞላ ነው ብለው አወሩ፣ ወሬውም ጸና። ይህን የአሳታሚው ቲ.ኤች.ኪው ባልደረባ ማይክል ፊች በ2008 በምሬት ጽፎታል። በእኛ ከተማ በፍላሽ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞረው አብዛኛው ጨዋታ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መከላከያው የተሰበረ ነው። የሰበረው ሰው የትኛውን ፋይል እንደነካ፣ ምን እንደጨመረበት የሚያውቅ የለም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቅጂ ተጫውቶ መከላከያውን የሚከስ ሰው ሲያጋጥመኝ ከሁሉ አስቀድሜ ቅጂውን ከየት እንዳገኘው እጠይቃለሁ። ሲያኮርፍ ዝም እላለሁ፤ ሲመልስ የማሽኑን ሙቀት፣ የግራፊክስ ካርዱንና የድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ዓይነት፣ ሌላ ከባድ ጨዋታ ላይም ይህ ይደርስ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እነዚህን የመለሰ አንድ ሰው እነርሱን ካልመለሱ መቶ ሰዎች ይልቅ ይታመናል።

የሚገርመኝ፣ ምርመራ የማያሻው ቅሬታ እያለ ስለ ተቃጠለ ኮምፒውተር መጯጯሃችን ነው። በመጋቢት 2010 የዩቢሶፍት ሰርቨሮች ሲወድቁ አሳሲንስ ክሪድ 2ን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ብቻቸውን የሚጫወቱትን ጨዋታ መክፈት አልቻሉም፤ ያለማቋረጥ ከኢንተርኔት መገናኘት ግዴታ ነበርና። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በእኛ አገር እንዲህ ያለ ግዴታ ገዢውን ከሌባው በላይ ይቀጣል፤ ግዴታውንም ሻጩ ራሱ ማሸጊያው ላይ ጽፎታል።