«ጎበዝ» የተባለው ሹፌር

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቼ ቤት እያጸዳሁ ነበር። ስለ መንገድ ደህንነት የሚወራበት ፕሮግራም ነው። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ጣቢያ ብቻ አይደለምና። አንድ አድማጭ ደወለ። አዘጋጁ ከየት እንደሚደውል ጠየቀው። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ እየነዳ እንደሆነ ነገረው። አዘጋጁ ደንገጥ አለ።

«ስልኩን በእጅህ ይዘህ እንዳይሆን!»

«ኧረ በብሉቱዝ ነው።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ።»

ከዚያ አራት ደቂቃ ያህል አወሩ። ስለ ጥንቃቄ።

ያበሸቀኝ ሹፌሩ አይደለም። እሱ ሲነገረው የኖረውን ነው ያደረገው። ያበሸቀኝ «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል ናት። በዚያች በአንድ ቃል መሪ ጨብጦ ሬዲዮ ለሚሰማ ሹፌር ሁሉ ፈቃድ ተሰጠ። እጅህ ነጻ ከሆነ አውራ፣ ችግር የለውም ተባለ።

ስቱዲዮ የነበረው እንግዳ ደግሞ ባሰ። ከእጅ ነጻ ማውራት ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ከማውራት አይለይም አለ። ውጭ አገርም የተፈቀደ ነው አለ። በመጨረሻም ሃያ ዓመት ሙሉ እያወራ እንደነዳና አንድም ቀን መኪናውን ጭረት እንዳላገኛት ተናገረ። አዘጋጁ «ልምድ ነው» ብሎ አጸደቀለት።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሰዉን ሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነውና። ሃያ ዓመት ነድቼ ምንም አልሆንኩም። ይሄ ማስረጃ ነው? ቀበቶ ሳያስር ሃያ ዓመት የነዳም አለ። ጠጥቶ እየነዳ ሁሌ በሰላም ቤቱ የሚገባም አለ። ስልክ እያወራ ሰው የገጨ ሹፌር ስቱዲዮ ተጋብዞ ልምዱን አያካፍልም። የተገጨውማ ጭራሽ አይናገርም። እኛ የምንሰማው የቀናውን ሰው ብቻ ነው።

ደግሞስ ምንም አለመሆኑን በምን አወቀ? በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት እናት ልጇን ጎትታ ከፊቱ እንዳሸሸች ያውቃል? ስንት ሹፌር ለእሱ ሲል ፍሬን እንደረገጠ ያውቃል? ጥሩምባ ሲነፋበት «ምን ሆኗል ይሄ ደግሞ» ብሎ ወሬውን ቀጥሎ ይሆናል። ያላየ ሰው አለማየቱን አያውቅም። የዚህ ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከሁለት ወር በፊት ከመገናኛ ወደ 22 በሜትር ታክሲ እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው። ቀበቶውን አስሯል። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ስልኩ ማስቀመጫው ላይ ተሰክቷል። እናቱ ደወሉ። ድምፃቸው በመኪናው ስፒከር ወጣ። ገጠር ያለው ቤታቸው ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ ቆርቆሮ ሊገዛላቸው ቃል ገብቷል። ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃ፣ አንዱ ስንት እንደገባ፣ ሚስማሩ ከየት እንደሚገዛ ያወራሉ። ልጁ ጮክ ብሎ ያሰላል። እጁ መሪው ላይ ነው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

ዜብራው ጋ ስንደርስ በቀኛችን ያለው መኪና ቆሟል። አንዲት የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ ከፊቱ አልፋ ወደ እኛ በኩል ብቅ አለች። ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላለች። እኔ ከኋላ ወንበር አየኋት። መኪናው ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። «ሰው! ሰው!» ብዬ ጮህኩ። ፍሬኑን ረገጠው። በመኪናውና በልጅቷ መሃል አንድ እርምጃ ቀረ። ምሳ ዕቃዋ ወድቆ ተከፈተ፤ ፍርፍሩ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ዝም ብላ መኪናውን ታያለች።

በስፒከሩ የእናቱ ድምፅ ይሰማል። «ሃሎ? ሃሎ? ስንት ነው ያልከኝ?»

ልጁ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «እህቴ፣ እግዜር ያውቃል አላየኋትም» አለኝ። ደጋግሞ ነው ያለኝ። ፊት ለፊቱ ነበረች። ፀሐይ የለ፣ ጨለማ የለ፣ ብቅ ካለች ወዲያ የሚከልላት ነገር የለ። ግን አልዋሸኝም። በእውነት አላየኋትም ሲለኝ አመንኩት። ዓይኑ አይቷታል፤ ልቡ ግን ቆርቆሮ እየቆጠረ ነበር።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ፈትነውታል። አሜሪካ ያለው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ሲሙሌተር (መንዳትን የሚያስመስል መሣሪያ) ላይ አስቀምጠው ከእጅ ነጻ በሆነ ስልክ እያወሩ እንዲነዱ አደረጉ። ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታተሉ። መንገድ ዳር ያለውን ነገር ዓይናቸው በቀጥታ አይቶታል። በኋላ ሲጠየቁ ግን ካላወሩት ሰዎች በጣም ያነሰ ነው ያስታወሱት። ማየት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም። ዓይን ያመጣውን የሚቀበል አእምሮ ቤቱ ካልተገኘ ልጅቷ ዜብራው ላይ የለችም ማለት ነው።

አሁን እንግዳው መጀመሪያ ወዳለው ነገር ልምጣ። ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትና በስልክ ማውራት አንድ ነው? እኔ መኪናው ውስጥ ስለነበርኩ ጮህኩ። እናትየው መጮህ አልቻሉም። መንገዱን አያዩትም። ልጃቸው ዜብራ ጋ ይድረስ፣ አደባባይ ይግባ፣ ከፊቱ ባጃጅ ይታጠፍ አያውቁም። ቢያውቁማ ዝም ይሉ ነበር። አጠገብህ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲጠብ ወሬውን ያቆማል። «ተጠንቀቅ» ይልሃል። ሳያስበው እግሩ ፍሬን ይረግጣል። በስልክ ያለው ሰው ግን መልስ ይጠብቃል። ዝም ካልክ «እየሰማኸኝ ነው?» ይላል። ወሬው የሚሄደው በመንገዱ ልክ አይደለም፣ በደዋዩ ልክ ነው።

ይህንንም እነዚያው የዩታ ሰዎች ሞክረውታል፤ ውጤቱን በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለሹፌሮቹ መንገዱ ላይ አንድ መውጫ ጋ ሲደርሱ እንዲወጡ ነገሯቸው። ጓደኛቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ያወራቸው አብዛኞቹ በትክክል ወጡ። ጓደኛቸው በስልክ ያወራቸው ግን ግማሽ ያህሉ መውጫውን አልፈውት ሄዱ። ልዩነት የለውም የሚለው ሰውዬ ይህን መውጫ በልጅቷ ይተካልኝና ይመልስልኝ።

ለነገሩ ዜናው አዲስ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የተጋጩ 699 ሹፌሮችን የስልክ መዝገብ መርምረዋል። በስልክ በሚያወሩበት ሰዓት የመጋጨት ዕድላቸው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን በእጃቸው ያልያዙት ከያዙት የተሻሉ አልነበሩም። በ2005 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተጋጭተው ሆስፒታል በገቡ ሹፌሮች ላይ የተሠራው ጥናትም ያንኑ አራት እጥፍ አገኘ፤ በእጅ ያዙትም አልያዙትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከእጅ ነጻ ስልክ ከሚያዘው ያን ያህል እንደማይሻል ደጋግሞ ይናገራል። ይህ ሁሉ እያለ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ላይ «ጎበዝ» ይባላል!

ውጭ አገር ተፈቅዷል የሚለውስ? ብዙ አገር ተፈቅዷል፣ እውነት ነው። የተፈቀደው ግን ደህና ስለሆነ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ በመስኮት የሚያየው እጅን ነው፤ ሐሳብን አያይም። ሕጉ የቆመው ፖሊሱ ዓይን የደረሰበት ቦታ ላይ ነው። አሜሪካ ራሷ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርዷ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ሃምሳውም ግዛት ከእጅ ነጻ የሆነውንም ጨምሮ እንዲከለክል ጠይቆ ነበር። ግዛቶቹ አልሰሙትም። የእነሱን እንቢታ ነው እኛ እንደ ጥበብ የምንጠቅሰው።

ቴክስት ስለሚጽፉትና ቲክቶክ ላይቭ ገብተው ስለሚነዱት ብዙ አልልም። የሚከራከርላቸው የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከ80 ሜትር በላይ ይሄዳል። ቀለበት መንገድ ላይ አንዲት መልእክት አንብቦ ቀና የሚል ሰው ይህን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የመጣው። ይህ ወንጀል ነው፤ እንደ ወንጀል ይቀጣ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወንጀል የማይመስለው ነው። እሱ ውስጥ ሁላችንም አለንበት። ሹፌሩ ብቻውን አያወራም። የደወለ አለ።

የእኛ ስልክ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ደህና ነህ? ቤት ሰላም ነው? ልጆቹስ? እማማስ ተሻላቸው? ይህ ወጋችን ነው፣ እወደዋለሁ። ሰው እየነዳ ግን ይህን ሁሉ መመለስ አለበት? ካላነሳ ደግሞ ናቀኝ ይባላል። አጎት ደውሎ ያልተነሳለት እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ያኮርፋል። አለቃ ደውሎ ካልተነሳለት «የት ነበርክ?» ነው። የጭነት መኪና ባለቤት ሹፌሩን አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ እያለ በየሰዓቱ «የት ደረስክ?» ይለዋል። ሹፌሩ የሚያነሳው ደፋር ስለሆነ አይደለም። እንጀራው ስለሆነ ነው።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? መኪና በስልካችን እንጠራለን፣ ከዚያ ሹፌሩ ላይ እንደውላለን። ቀዩ በር ጋ፣ ፋርማሲው አልፎ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ታጠፍ። እሱ ይነዳል፣ እኛ እናወራለን። ድርጅቶቹም አሉበት። አዲስ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ይጮሃል፤ ሹፌሩ በሰከንዶች ውስጥ ነክቶ ካልተቀበለ ሥራው ለሌላ ይሄዳል። መኪናው እየሄደ መሆኑን ድርጅቱ በካርታው ላይ ያያል። እያየ ነው የሚልክለት። መኪናው እስኪቆም ጥሪውን መያዝ የሚያቅተው ቴክኖሎጂ ነው ብሎ የሚነግረኝ ካለ አላምነውም።

ካርታ ያስፈልጋል የሚሉኝ ልክ ናቸው። ከመነሳትህ በፊት አስገባው፣ በድምፅ ይምራህ። ከዚህ የሚበልጥ የምሰጠው የለኝም። ጃም ላይ ቆሜ ነው የማወራው የሚለውንም አልቀበልም። ጃም ላይ ነው እግረኛው በመኪናዎች መሃል የሚሹለከለከው።

እና ማን ነው የሚሞተው? አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ስልክ የሚያወራው ሰው ቀበቶ አለው፣ ኤርባግ አለው፣ ዙሪያውን ብረት አለው። ዜብራው ላይ ያለችው ልጅ ያላት ምሳ ዕቃ ነው። ሃያ ዓመት ምንም አልሆንኩም ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው። መጀመሪያም የሚሆነው እሱ አልነበረም!

ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስደውልለት ከሰላምታ በፊት «እየነዳህ ነው?» እላለሁ። አዎ ካለኝ እዘጋዋለሁ። መጀመሪያ ተቀይሞኝ ነበር። እናታችንም «ወንድምሽን እንዲህ ትዘጊበታለሽ?» አለችኝ። የልጅቷን ነገር ነገርኳት። አሁን እሷም ትዘጋለች። መኪናውን አቁሞ ሲደውል እንደ ልባችን እናወራለን።

ከዚያ ጣቢያም የምፈልገው ይህንኑ ነው። አድማጭ እየነዳሁ ነው ሲል አዘጋጁ «ዳር ይዘህ ቁምና መልሰህ ደውል» ብሎ መስመሩን ይዝጋ። በቀጥታ ሥርጭት፣ ሁሉም እየሰማ። ባለፈው ሐሙስ ያመሰገኑትን ሹፌርም ይፈልጉትና ተሳስተን ነበር ይበሉት። የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ሬዲዮዬን እከፍታለሁ።