መኪናዋ የት ላይ እንደምታመልጥ ሳትጠይቁ ቁጥር አትስጡን

ይህን ብሶት ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ፤ ትናንት ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ ጌም ቤት ውስጥ የደረሰብኝ ነገር ግን ዝም አላሰኘኝም። ግራን ቱሪስሞ 7 በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ውስጥ ያለችውን አሮጌ ፖርሽ 911 ተርቦ ኋላዋ እየሸሸ እንዳይጥለኝ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል ከሥራ በኋላ እየሄድኩ፣ በሰዓት እየከፈልኩ ለፍቻለሁ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የማስተካከያ ቁጥር እየጠራ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። «መኪናዋ የምታመልጥህ የት ላይ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ኦቨርስቲር የምንለው ነገር የኋላ ጎማዎች ከፊት ጎማዎች ቀድመው መሬቱን ሲለቁ የሚመጣ ነው። መሪው ካዘዘው በላይ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ኋላዋ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህች መኪና ደግሞ ለዚህ ጠባይ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። በፈረንጆች 1975 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ 911 ተርቦ ባለ 3 ሊትርና ባለ 260 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ የተቀመጠው ከኋላ ጎማዎቿም ጀርባ ነው፤ ተርቦው (በጭስ ኃይል ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው አይነሳም፣ ዘግይቶ ሲነሳ ግን ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ይደፋዋል። ስለዚህ መታጠፊያው ሳያልቅ የረገጥከው ነዳጅ ዋጋውን የሚያስከፍልህ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ መሪው ገና እንደተጠመዘዘ ነው።

እኔን የሚጥለኝ ግን ይህ አልነበረም። በሦስተኛ ማርሽ ወደ መታጠፊያው እገባለሁ፣ ፍጥነቱ በዛ ብዬ ስሰጋ ጣቴን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ፤ በዚያችው ቅጽበት የጎማው ጩኸት ከፊት ወደ ኋላ ይዛወራል፣ ኋላዋ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፣ መሪውን ወደ ተቃራኒው ስመልሰው ደግሞ በሌላኛው በኩል ተወርውራ ግድግዳውን ትመታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ ያ ከባድ ሞተር ግን ጉዞውን ይቀጥላል።

ይህን ከጨዋታው በፊት ያወቅሁት ከአጎቴ ነው። ከድሬዳዋ ጅጅጋ የጭነት መኪና ለዓመታት ነድተዋል፤ ልጅ ሆኜ አብሬያቸው የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ «ፍጥነትህን ኩርባው ሳይጀምር ጨርስ፤ ውስጡ ከገባህ በኋላ እግርህ አይደንግጥ» ይሉኝ ነበር። ዝናብ ባለበት ቀን ከተጫነው መኪና ይልቅ ባዶውን አብልጠው ይፈሩት ነበር፣ ባዶ መኪና ፍሬን ሲያዝ ኋላው ስለሚቀልል። አንድ ቀን እንኳ ቁጥር ነግረውኝ አያውቁም፤ የነገሩኝ መቼ እና የት እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ መካሪዎቼ ልመለስ። የመጀመሪያው «ትራክሽን ኮንትሮሉን 5 አድርገው» አለኝ። ትራክሽን ኮንትሮል የሚሠራው ጎማው በነዳጅ ብዛት ሲሽከረከር የሞተሩን ጉልበት በመቀነስ ነው፤ እኔ ነዳጅ ለቅቄ እየወደቅሁ ምን የሚቀንሰው ጉልበት አለ? ሁለተኛው የኋላውን ጎማ ንፋስ እንድቀንስ መከረኝ። ግራን ቱሪስሞ 7 የጎማ ንፋስ ማስተካከያ የለውም! ልጁ ከሌላ ጨዋታ የሰማውን ነው ያመጣልኝ። ሦስተኛው፣ በጣም ያናደደኝ፣ ፎርዛ በሚባል ሌላ የመኪና ጌም ላይ ያየውን የዲፈረንሻል (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው፣ ሲቆለፍ ግን እኩል የሚያዞራቸው ክፍል) ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ሰጠኝ። ፎርዛ ዲፈረንሻሉን የሚለካው በመቶኛ ሲሆን ግራን ቱሪስሞ 7 ግን ከ5 እስከ 60 ነው የሚቆጥረው። እዚያ 60 መካከለኛ ነው፣ እዚህ 60 እስከ መጨረሻው መቆለፍ ነው፤ ከመታጠፊያ ስትወጣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይሽከረከሩና አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

የሚለወጠው ቁጥር የሚወሰነው መኪናዋ በምትሸሽበት ቦታ ነው። ፍሬን ይዛ ወደ መታጠፊያ ስትገባ ከሸሸች የፍሬኑ ሚዛን ወደ ፊት ይገፋል። መሃል ላይ፣ ነዳጅም ፍሬንም በሌለበት ከሸሸች የኋላው ስታቢላይዘር (መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳታዘነብል የሚይዘው ብረት) ይላላል ወይም የፊቱ ይጠነክራል። ስትወጣ፣ ነዳጅ ሲሰጣት ከሸሸች ደግሞ ዲፈረንሻሉ በነዳጅ ጊዜ የሚቆለፍበት መጠን ይቀነሳል፣ የኋላ ጎማዎች የፊት ጫፍም ትንሽ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለእኔ የሠራልኝ ዲፈረንሻሉ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚቆለፍበትን ቁጥር ከ20 ወደ 35 ከፍ ማድረግና የኋላውን ስታቢላይዘር ከ6 ወደ 4 ማውረድ ነበር። ለዚህ የደረስኩት አንድ ቁጥር ለውጬ፣ አምስት ዙር ነድቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ እንደገና አንድ ቁጥር በመለወጥ ነው። ሁሉንም ቁጥር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኋላዋን ያስርና ፊቷን ያሳጣታል፤ መሪ ብትጠመዝዝም ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ያን ጊዜ የቱ ቁጥር እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም።

የእጅ መቆጣጠሪያውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጌም ቤቱ ውስጥ ካሉት የአብዛኞቹ የነዳጅ ቁልፍ በኳስ ጌም ተቀጥቅጦ ስላለቀ ግማሽ መርገጥ የሚባል ነገር የለውም፣ ወይ ባዶ ነው ወይ ሙሉ። በዚህ ላይ የትኛውም ማስተካከያ አይረዳም። ስለዚህ ደህናው መቆጣጠሪያ እስኪለቀቅ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ኔትወርኩ ይጠፋና ጨዋታው ጋራዡን አይከፍትልኝም፣ ያም ቀን በከንቱ ያልፋል።

ትናንት ማታ ታዲያ ጋራዡን ስከፍት ቁጥሮቼ የሉም። በጋራ በምንጠቀምበት አካውንት አንድ ሰው ገብቶ፣ ከዩቲዩብ ያገኘውን ማስተካከያ በእኔ ላይ ደርቦ አስቀምጦታል፤ ዲፈረንሻሉ 60፣ ስታቢላይዘሩ 9። ማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ተገኘ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ነው። «ወንድሜ፣ ለአንተም ትሻላለች ብዬ ነው» አለኝ፣ ከልቡ። «መኪናዋ የት ላይ ነበር የምታስቸግርህ?» ስለው ዝም አለ፤ አንድ ዙር እንኳ አልነዳትም።

ደብተሬን አውጥቼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስመልስ ሰዓቴ አለቀ። ዛሬ ማታ እመለሳለሁ፤ እሱንም አጠገቤ አስቀምጬ፣ ቁጥሮቹን ሳልነካ አምስት ዙር አስነዳዋለሁ።