ያገለገለ ትንሽ ጄት እንግዛ ወይስ ይቅርብን?

መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ አንድ አስመጪና ላኪ ድርጅት ለጅቡቲና ለናይሮቢ ጉዞዎቹ ያገለገለ ሴስና ሲቴሽን መስታንግ የተባለ ትንሽ ጄት ለመግዛት አስቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ባለድርሻና ለምክር የተጠራችው የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ተከራክረዋል።

ባለድርሻው፦ እኔን የሚያንገበግበኝ በከንቱ የሚያልፈው ቀን ነው። ጠዋት ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ አስለቅቆ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ ከገዢ ጋር መፈራረም በመደበኛ በረራ ሁለት ቀን ይበላብናል። ይህ አውሮፕላን በሰዓት 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። እስከ ጅቡቲ 560፣ ከዚያ ናይሮቢ 1,600 ቢሆን ነው፤ ማታ ቤታችን እንገባለን። አዲስ ጄት ከአቅማችን በላይ ነው፤ ያገለገለው ግን ይደረስበታል።

ቴክኒሻኗ፦ ጋሼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ መግዣው ሳይሆን ቀለቡ ነው። መስታንግ ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሁለቱ ሞተሮች በየ3,500 የበረራ ሰዓቱ ተፈትተው ይታደሳሉ፤ ሒሳቡም በዶላር ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ቢውል እንኳ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ምርመራ አለ። ነዳጁ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ከአብራሪው ሌላ ለሰውና ለሻንጣ የሚተርፈው 270 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሦስት ሰው ከነሻንጣው ገባ ማለት አለቀ።

ባለድርሻው፦ ለአንድ ሰዓት መንገድ ማን ነዳጅ ይሞላል? ነዳጁን ቀንሰን ሰው እንጨምራለን። የቦሌ ማኮብኮቢያም ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ ለትንሽ አውሮፕላን ያንሳል ልትዪኝ ነው?

ቴክኒሻኗ፦ አያንስም። ቦሌ ግን 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ሲነሣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ብቻ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በሰሜን በኩል እንጦጦ ተገትሯል። የሚጭነውን ክብደት የሚወስነው ይህ እንጂ የማኮብኮቢያው ርዝመት አይደለም። ባለ ፕሮፔለሩን ፒላተስ ፒሲ 12 ይመልከቱ። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚዘገየው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጠጠር ሜዳ ላይም ያርፋል፤ መስታንግ አስፋልት ይፈልጋል።

ባለድርሻው፦ ፒላተስ ባለ አንድ ሞተር ነው፣ ልጄ። በሰሜን ኬንያ በረሃ ላይ፣ በሌሊት፣ በአንድ ሞተር ልጆቼን አላሳፍርም። በዚህ ላይ አትድከሚ።

ቴክኒሻኗ፦ ይህን ስጋትዎን አልነቅፍም። ግን አንድ ጊዜ ባሕር ዳርቻ የከረመ አውሮፕላን እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ቀለሙ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የወለሉን ክዳን ስፈታ ከመቀመጫው ሐዲድ ሥር አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጥፍሬ ብጭረው ተፈረፈረ፤ የባሕሩ ጨው በልቶታል። የጥገና መዝገቡን ስገልጥ የአራት ዓመት ጽሑፍ የለም። ሻጩ ግን ያሳየን የቆዳ መቀመጫውን ነበር። ገዢው ቀብድ ከፍሎ ነው የጠራኝ።

ባለድርሻው፦ እንግዲያውስ ደረቅ አገር የኖረ፣ መዝገቡ ያልጎደለ፣ ለሞተሩ እድሳት በየበረራ ሰዓቱ አስቀድሞ የሚከፈለው መዋጮ ያልተቋረጠበት ይፈለግልኝ። ጄቱን አልተውም። ወለሉን ግን አንቺ ትከፍቺልኛለሽ።

ቴክኒሻኗ፦ እከፍታለሁ፤ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት ከሆነ። ምርጫዬ ግን አሁንም ባለ ፕሮፔለሩ ነው።