የጠቆረ እጀታ ለምን እንሸሻለን?

ያገለገለ የሉዊ ቪቶን ቦርሳ ሲገዛ እዚ አሜሪካ ያለችው ሴትና አዲስ አበባ ያለችው እህቷ የሚያዩት ነገር ተቃራኒ መሆኑን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። እዚ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ዩዝድ ቦርሳ የምታውቅ ሴት መጀመሪያ የምታየው እጀታውን ነው። ያ ክሬም የሚመስለው ቆዳ፣ ቫኬታ የሚሉት፣ ላዩ ላይ ምንም ስላልተቀባ ፀሐይና የእጅ ወዝ ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ማር መልክ ከዛም ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ስለዚ አምስት ስድስት አመት ተይዟል የተባለ ቦርሳ እጀታው እንደ አዲስ ነጭ ከሆነ ወይ እጀታው ተቀይሯል ወይ ጭራሽ አልተያዘም ወይ ፌክ ነው። ቦሌ ያሉ ሱቆች ውስጥ ግን የጠቆረውን "ይሄማ አርጅቷል" ብለን ወደዛ ገፋ እናረግና ንፁሁን እናነሳለን። ኮፒ የሚሰራው ሰውዬም ይሄን ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው የማይጠቁር ፕላስቲክ ነገር ነው፣ እኛ ደግሞ ለዛ ንፅህናው ብለን ብር እንቆጥራለን።

ሌላው "ንፁህ ቆዳ ነው" የሚሉት ነገር። የኛ ሰው ቆዳ ያውቃል፣ ያሸታል፣ በጥፍር ይሞክራል፣ ጥሩ ነው። ግን የሉዊ ቪቶን ሞኖግራም ማለትም ያ ቡኒው ኤልቪ የተፃፈበት አካሉ ከድሮም ቆዳ አይደለም እኮ! ላዩ ላይ ፕላስቲክ ነገር የተቀባ ሸራ ነው፣ ቆዳው እጀታውና ጠርዙ ላይ ያለው ብቻ ነው። ስለዚ ሻጩ ሞኖግራሙን እያሳየ ሙሉ በሙሉ ቆዳ ነው ብሎ ከማለላችሁ ወይ ዕቃውን አያውቅም ወይ እየዋሸ ነው። "ከአውትሌት በቅናሽ የመጣ" ካለም እንደዛው፣ ሉዊ ቪቶን አውትሌት፣ ማለትም ብራንዶች ዕቃ በቅናሽ የሚሸጡበት ሱቅ፣ የለውም፣ ቅናሽ የሚባል ነገርም አያወጣም። ሊዝበርግ አውትሌት ሄደን ለቤተሰብ የምንገዛው ማይክል ኮርስና ኮች ሌላ ነገር ነው። ካርድ አለው የሚሉትም እንዲሁ፣ ሉዊ ቪቶንም ሄርሜስም ኦሪጅናል ነው የሚል ካርድ ከቦርሳ ጋር አይሰጡም፣ እንደውም ያ የሚያብረቀርቅ ካርድ ሲወጣ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ውስጡ ያለውን ኮድ ማንበብ ደግሞ ማንም ይችላል። ከ2007 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወዲህ በተሰሩት ላይ ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር አለ፣ አንደኛውና ሶስተኛው ቁጥር ሳምንቱን፣ ሁለተኛውና አራተኛው አመቱን ይናገራሉ፣ 4110 ካለ የ2010 41ኛ ሳምንት ማለት ነው። ሳምንቱ 71 ከመጣ ግን እንደዛ የሚባል ሳምንት የለም፣ በቃ። ኔቨርፉል የሚባለው ትልቁ ቦርሳ የወጣው በ2007 ስለሆነ ከዛ በፊት ተሰራ የሚል ኮድ ካለው አለቀ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ኮዱ ቀርቶ ቺፕ ነው ውስጡ የሚቀበረው፣ የ2023 ነው ብለው ኮድ ሲያሳዩዋችሁ ተዉት። ብቻ ኮዱ ልክ ሆነ ማለት ቦርሳው ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፣ ኮድም ይኮረጃል፣ ስህተት ሲሆን ነው የሚጠቅማችሁ።

አሜሪካ ሁሉም ሀቀኛ ነው እያልኩ አይደለም። ኒውዮርክ ካናል ስትሪት ላይ ሰው በጠራራ ፀሐይ ፌክ ይሸጣል። ሪልሪል የሚባለውን ትልቁን የዩዝድ ነጋዴ ሻኔል የተባለው የፋሽን ብራንድ ፌክ ሻኔል ሸጠሃል ብሎ በ2018 ከሶታል፣ ሌላውን የኒውዮርክ ቪንቴጅ ሱቅ ዋት ጎዝ አራውንድ ካምስ አራውንድን ደግሞ በዚሁ በሻኔል ክስ በ2024 የፍርድ ቤት ጁሪ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈርዶበታል። ልዩነቱ ምንድነው፣ እዚ ተጠያቂ አለ። ደረሰኝ አለ፣ ብዙ ሱቅ ፌክ ከሆነ ብሩን ይመልሳል፣ ኢንትሩፒ የሚባል ከስልክ ጋር የሚሰራ የማይክሮስኮፕ ካሜራ ገዝተው ሸራውንና ስፌቱን እያጎሉ የሚመረምሩ ሱቆችም አሉ። ጣልያን ከሄዳችሁ ደግሞ ፌክ የገዛው ሰው ራሱ ይቀጣል፣ እስከ 7,000 ዩሮ ድረስ፣ ቱሪስት ነኝ ማለት አያድንም።

አገር ቤት ግን ዋስትናው ምንድነው ብላችሁ ስትጠይቁ የሚመጣው መልስ "እህቴ ከአሜሪካ ልካልኝ ነው" የሚል ነው። ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ፣ በኛ ስም ነው የሚሸጠው። ከዱባይ ካራማ ሰፈርና ከቻይናዋ ጓንዡ የገባ ማስተር ኮፒ፣ ማለትም በደንብ የተሰራ ፌክ፣ ቴሌግራም ላይ "ዩዝድ ኦሪጅናል ከዲሲ" ተብሎ ይለጠፋል፣ አንዲት ባንክ የምትሰራ ልጅ ደግሞ እቁቧን አውጥታ ትገዛዋለች። ዲያስፖራውም ቢሆን ከካናል ስትሪት የገዛውን ይዞ ሄዶ ዘመድ ኦሪጅናል ነው ብሎ ሲያስብ ዝም ይላል፣ ያ ቦርሳ በኋላ ሲሸጥ ዝምታውም አብሮ ይሸጣል።

አዲሱ ኔቨርፉል እዚ ዛሬ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ በደህና ሁኔታ ያለ ዩዝዱም ርካሽ አይደለም። ስለዚ እህቶቼ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የእጀታውን፣ የውስጡን፣ የብራንዱ ስም የታተመበትን ማህተምና የኮዱን ፎቶ በደንብ ብርሃን ላይ አስነሱት፣ ፌክ ከሆነ እመልሳለሁ ብሎ በፅሁፍ እንዲልክላችሁም ጠይቁት። ይሄን አላረግም ካለ ዕቃውን ለማየት እንኳን አትሂዱ።